ከፍቺ በኋላ ቀለብ አለ? ትዳር ሲፈርስ ሕጉ ማንን፣ እስከ መቼ ይደግፋል

ትዳር ሲፈርስ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ከተፋታን በኋላ በየወሩ ስንት ይቆረጥልኛል?» ብሎ ነው። ጥያቄው አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከሚስት ወገን ነው። ልጅ ስታሳድግና ቤት ስታስተዳድር ከሥራ ገበታ የራቀች ሴት ነገን በምን እንደምታልፈው ብትጨነቅ አይፈረድባትም። አሜሪካ ያለ ዘመድ ደግሞ «እዚህ እኮ ባል ለፈታት ሚስቱ ዕድሜ ልኩን አሊሞኒ ይከፍላል» ይላል፤ በፊልም የሚታየውም ይኸው ነው። ስለዚህ ብዙዎች እዚህም እንደዚያ ይመስላቸውና በዚያ ተስፋ ፍርድ ቤት ይገባሉ።

እዚህ እንደዚያ አይደለም። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራበት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ፍቺ ከተወሰነ በኋላ አንዱ የቀድሞ የትዳር ጓደኛ ለሌላው በየወሩ እንዲከፍል የሚያስገድድ ድንጋጌ የለውም። ሕጉ ለባልና ለሚስት ቀለብ የሚያውቀው ትዳሩ ሳይፈርስ ነው፤ የፍቺ ክሱ በፍርድ ቤት የሚታይበትን ጊዜ ጨምሮ። ውሳኔው ከተሰጠ በኋላ የቀለብን ቦታ የሚይዘው የጋራ ሀብት ክፍፍሉ ነው። ይህን ሳያውቅ ችሎት የሚቀርብ ሰው መጠየቅ የሚገባውን በጊዜው ሳይጠይቅ ይቀራል፤ የማይሰጠውን ሲጠብቅ ደግሞ ንብረቱ ከእጁ ይወጣል። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሳሳኝም የዚህ ዓይነቱ ኪሳራ በትንሽ ዕውቀት ሊድን የሚችል መሆኑ ነው።

ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው አንቀጾች የፌዴራሉ ሕግ ናቸው። ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ አውጥተዋል፤ የአማራ ክልል በአዋጅ ቁጥር 79/1995፣ ኦሮሚያ በአዋጅ ቁጥር 69/1995። በብዙ ነገር ከፌዴራሉ ጋር ይመሳሰላሉ፣ ነገር ግን ባሕር ዳር ወይም አዳማ ጉዳይ ያለው ሰው የራሱን ክልል አዋጅ አንቀጽ በአንቀጽ ማየት አለበት።

ክሱ እየታየ ሳለ

ባልና ሚስት የመከባበር፣ የመደጋገፍና የመረዳዳት ግዴታ እንዳለባቸው አንቀጽ 49 ይደነግጋል። ለቤት ወጪም እያንዳንዳቸው እንደ አቅማቸው ማዋጣት አለባቸው። አንዱ ወገን የፍቺ አቤቱታ ማስገባቱ ይህን ግዴታ አያቋርጠውም። ሰዎቹ በአንድ ጣሪያ ሥር ባይኖሩም፣ ባይነጋገሩም፣ ፍርድ ቤቱ «ጋብቻው በፍቺ ፈርሷል» እስኪል ድረስ በሕግ ፊት ባልና ሚስት ናቸው።

በዚህ መሃል ያለው ጊዜ ቀላል አይደለም። ፍርድ ቤቱ መጀመሪያ ባልና ሚስቱን አነጋግሮ እንዲታረቁ ይሞክራል፣ ራሳቸው በመረጧቸው ሽማግሌዎች በኩልም ያስሞክራል፣ አስበውበት እንዲመለሱ ጊዜ ይሰጣል። ቀጠሮው ሲደማመር ወራት ይወስዳል። ደመወዙ የሚገባው በባል ስም፣ የባንክ ሒሳቡም በእሱ እጅ ከሆነ፣ ሚስት በእነዚያ ወራት ምን ትበላለች? ሕጉ ይህን አስቦበታል። አንቀጽ 82 ንኡስ አንቀጽ 5 ፍርድ ቤቱ ስለ ባልና ሚስቱ መተዳደሪያ፣ ስለ ልጆቹ አጠባበቅና ቀለብ፣ እንዲሁም ስለ ንብረቱ አስተዳደር ወዲያውኑ ተገቢውን ትእዛዝ እንዲሰጥ ይላል። በአገራችን ሕግ አንድ የትዳር ጓደኛ ለራሱ ቀለብ የሚያስቆርጥበት ዋነኛ በር ይህ ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ሴትየዋ ካገባች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው እንበል፣ ሁለት ልጆች አሏት። ሁለተኛው ሲወለድ ሱቅ ውስጥ ትሠራው የነበረውን ሥራ ትታለች። ባልየው የአንድ ድርጅት ሾፌር ነው፤ ደመወዙ 15,000 ብር፣ በዚያ ላይ በስሙ ያለ ሚኒባስ በየቀኑ ገቢ ያስገባል። የፍቺ አቤቱታ ከገባ በኋላ አስቤዛ መግዛት አቁሟል። ይህች ሴት ከአቤቱታዋ ወይም ከመልሷ ጋር እንዲህ የሚል ጥያቄ ማያያዝ አለባት፦ «በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 82(5) መሠረት ክርክሩ ውሳኔ እስኪያገኝ ድረስ ለእኔና ለሁለቱ ልጆቼ ለምግብ፣ ለቤት ኪራይና ለሕክምና የሚሆን ወርኃዊ ቀለብ ተጠሪው እንዲከፍል ትእዛዝ ይሰጥልኝ።» ከሥሩ የምትጠይቀውን መጠን በቁጥር ትጽፋለች፤ ለራሷ ስንት፣ ለልጆቹ ስንት የሚለውን ለይታ።

ለይታ የምላት በምክንያት ነው። የእሷ ቀለብ ፍቺው ሲወሰን ይቆማል፣ የልጆቹ ግን ይቀጥላል። በአንድ ድምር የተቆረጠ ገንዘብ ፍቺው በተወሰነ ማግስት «ከዚህ ውስጥ የልጆቹ የቱ ነው?» የሚል ሌላ ክርክር ይወልዳል።

መጠኑን የሚወስነው ጠያቂው የሚያስፈልገውና ከፋዩ የሚችለው ነው። በሕጉ የተቀመጠ ተመን ወይም መቶኛ የለም። ስለዚህ ሁሉም ነገር በማስረጃ ላይ ይወድቃል፦ የኪራይ ውል፣ የትምህርት ቤት ክፍያ ደረሰኝ፣ የሐኪም ማዘዣ፣ የወር አስቤዛ ዝርዝር። የሌላውን ወገን ገቢ ማሳየት ይከብዳል፣ ግን አይቻልም ማለት አይደለም። ፍርድ ቤቱን ጠይቆ ለመሥሪያ ቤቱ የደመወዝ መጠን እንዲገልጽ ደብዳቤ ማጻፍ ይቻላል፤ ለባንክም እንደዚሁ። ለሚኒባሱ ሊብሬው፣ ለሱቅ የንግድ ፈቃዱ ይጠቅማል። ተቀጣሪ የሆነን ሰው ቀለብ ከደመወዙ በቀጥታ ማስቆረጥ ከሁሉም የተሻለው መንገድ ነው፣ በየወሩ ከመለመን ያድናልና። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ መሠረት ከአንድ ሠራተኛ ደመወዝ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከአንድ ሦስተኛው መብለጥ እንደሌለበት ግን ማወቅ ይገባል፤ የሾፌሩ ሚስት የሚኒባሱንም ገቢ ማሳየት ያለባት ለዚህ ነው።

ጥያቄው በመጀመሪያው ቀጠሮ ካልቀረበ ጊዜው ዝም ብሎ ይነጉዳል። ሳይጠየቅ ያለፈን ወር ወደ ኋላ ተመልሶ ማስከፈል ከባድ ነው። «ይታረቅ ይሆናል፣ ገንዘብ ከጠየቅሁት ይብስበታል» ብለው ዝም የሚሉ ሴቶች ብዙ ናቸው። ስሜታቸው ይገባኛል። ቀለብ መጠየቅ ግን ዕርቁን የሚዘጋ ነገር አይደለም፤ ቢታረቁ ትእዛዙ ይነሳል።

በዚሁ አንቀጽ 82 የቤቱም ነገር አለ። ከሁለቱ አንዱ ከጋራ መኖሪያው መውጣት ካለበት ፍርድ ቤቱ የልጆቹን ጥቅም፣ እንዲሁም ከቤት ቢወጣ ይበልጥ የሚጎዳው ማን እንደሆነ ማየት አለበት። ስለዚህ «ቤቱ በስሜ ነው፣ ውጪ» የሚል ባል ይህን ማለት የሚችለው በሕግ ሳይሆን በጉልበት ነው።

ሕጉ «ባልና ሚስት» እንጂ «ሚስት» ብቻ አይልም። ታሞ ሥራ ያቆመ፣ ሚስቱ ነግዳ የምታስተዳድረው ባልም በዚሁ አንቀጽ ቀለብ መጠየቅ ይችላል።

ከውሳኔው በኋላ የሚቀረው

ፍቺው ሲወሰን የመደጋገፍ ግዴታው ያበቃል። የቤተሰብ ሕጉ ቀለብ የመስጠት ግዴታ ያለባቸውን ሰዎች ይዘረዝራል፦ ወላጅና ልጅ፣ አያትና የልጅ ልጅ፣ ወንድምና እህት፣ በጋብቻም አማትና ምራት። የቀድሞ ባልና ሚስት ዝርዝሩ ውስጥ የሉም። አማትና ምራት እንኳ እርስ በርስ የሚጠያየቁት ዝምድናውን የፈጠረው ጋብቻ ካለ ወይም በሞት የተቋረጠ ከሆነ ነው፤ በፍቺ ከፈረሰ እሱም ያከትማል።

ታዲያ ሕጉ ያቺን የሾፌር ሚስት ባዶ እጇን ያሰናብታታል? የሕጉ መልስ «ግማሹ የእሷ ነው» የሚል ነው። በትዳር ውስጥ ሁለቱም በግል ጥረታቸው ያፈሩት ገቢ ሁሉ የጋራ ነው (አንቀጽ 62)። ሚኒባሱ በባል ስም መመዝገቡ ለውጥ አያመጣም፤ በአንዱ ስም ቢመዘገብ እንኳ የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር ንብረት ሁሉ የጋራ እንደሆነ ይገመታል (አንቀጽ 63)። የማስረዳት ሸክሙ ያለው «የግሌ ነው» በሚለው ወገን ላይ ነው። የጋራው ደግሞ እኩል ይከፈላል (አንቀጽ 90)። ሚስት ቤት ውስጥ መዋሏ፣ ደመወዝ አለማምጣቷ ድርሻዋን አይቀንሰውም። ባል ውሎ የገባበትን ደመወዝ ሊያመጣ የቻለው ቤት ውስጥ ልጅ የሚይዝ፣ የሚያበስልና የሚያጥብ ሰው ስላለ መሆኑን ሕጉ የተቀበለ ይመስለኛል፤ ተገቢም ነው።

ይህ ሁሌም እንዲህ አልነበረም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺውን የሚያዩት የቤተዘመድ ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ጥፋተኛ ለተባለው ወገን ከሀብቱ የሚደርሰውንም ሊቀንሱበት ይችሉ ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34 ወንድና ሴት በጋብቻ አፈጻጸም፣ በጋብቻው ዘመንና በፍቺ ጊዜ እኩል መብት አላቸው ካለ በኋላ ያ አሠራር ሊዘልቅ አይችልም ነበር። የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር የቤተሰብ ሕጉ እንዲሻሻል ብዙ ታግሏል፣ በ1992 የወጣውም አዋጅ የዚያ ትግል አንዱ ፍሬ ነው።

የግል የሚባለው ከጋብቻ በፊት የነበረው፣ እንዲሁም በትዳር ውስጥ ለአንዱ ብቻ በውርስ ወይም በስጦታ የመጣው ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ባል ከአባቱ የወረሰው ቤት የግሉ ነው፣ ከዚያ ቤት በትዳሩ ዘመን የተሰበሰበው ኪራይ ግን የጋራ ነው። ኪራዩ ተጠራቅሞ መኪና ከተገዛበት መኪናው ለሁለት ይከፈላል።

በዓረብ አገር ሠርተው ለሚመለሱ እህቶቻችን ይህ ክፍል ልዩ ትርጉም አለው። ቤይሩት ወይም ሪያድ ሰው ቤት ስትሠራ ዓመታት ያሳለፈች ሚስት የላከችው ደመወዝ የጋራ ሀብት ነው፤ በዚያ ገንዘብ በባሏ ስም የተሠራው ቤትም ግማሹ ያለ ጥርጥር የእሷ ነው። ጭንቁ የሚመጣው ቤቱ የተመዘገበው በባል ሳይሆን በባል እናት ወይም ወንድም ስም ሲሆን ነው። በአንቀጽ 63 ያለው ግምት የሚሠራው በባልና በሚስት መካከል ነው፤ ሦስተኛ ወገን ካርታ ይዞ ከቀረበ ገንዘቡ ከእሷ መምጣቱንና ቤቱ የማን እንደሆነ ማስረዳት የእሷ ፈንታ ይሆናል። ስለዚህ የሐዋላ ደረሰኝ መጣል የለበትም። ገንዘቡ በባንክ ቢላክ፣ ከላኪው ስምና ከተቀባዩ ስም ጋር ወረቀቱ ቢቀመጥ፣ በስልክ «ለቤቱ መሠረት ላክሁልህ» የተባለበት መልእክት ሳይጠፋ ቢቆይ ከዓመታት በኋላ ዋጋው ትልቅ ነው። በኤምባሲ በኩል የሚሰጥ ውክልናም መሸጥና መለወጥን የሚጨምር መሆን አለመሆኑ ከመፈረሙ በፊት ይነበብ።

ግማሽ ድርሻ የሚጠቅመው ግን ንብረቱ ካለ ነው። ፍቺ ሊመጣ መሆኑ ሲሸት መኪና ለጓደኛ «ይሸጣል»፣ ከባንክ ብር ይወጣል፣ ያልነበረ ዕዳ ይፈጠራል። ለዚህ ሁለት መከላከያዎች አሉ። አንደኛው አንቀጽ 68 ነው፦ የጋራ የማይንቀሳቀስ ንብረትን መሸጥ፣ ማስያዝ ወይም ማከራየት፣ ከ500 ብር በላይ መበደር፣ ለሌላ ሰው ዋስ መሆን የሁለቱን ስምምነት ይጠይቃል። ያለ ስምምነት የተደረገውን ሌላው ወገን ባወቀ በ6 ወር ውስጥ፣ ቢዘገይ ደግሞ ውሉ በተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ ፍርድ ቤት ሄዶ ማስፈረስ ይችላል። ስድስት ወር በጣም አጭር ነው፤ በለቅሶና በሽምግልና ብቻ ያልቃል። ሁለተኛውና የተሻለው ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ነው፣ ማለትም ክሱ እንደተጀመረ የእግድ ትእዛዝ ማውጣት። እግዱ ለመሬት አስተዳደር፣ ለትራንስፖርት ጽሕፈት ቤትና ለባንክ በደብዳቤ ሲደርስ ስም ማዛወር ይቆማል።

ለቤተሰቡ ጥቅም የተገባ ዕዳ ከጋራ ሀብቱ ቀድሞ ይከፈላል፤ የሚካፈሉት የተረፈውን ነው። በዓይነት መክፈል ካልተቻለ አንዱ ወስዶ ለሌላው በገንዘብ ያካክሳል፣ ካልተስማሙም በሐራጅ ይሸጣል። ኮንዶሚኒየም ላይ ብዙ ጊዜ ክርክሩ የሚከርረው እዚህ ነው፤ ልጆቹን የያዘችው እናት ቤቱን ለማስቀረት የባልን ድርሻ የምትከፍልበት ገንዘብ የላትም።

አንቀጽ 84ን ደግሞ ጠበቆች ራሳቸው አንዳንዴ ይረሱታል። የፍቺው ምክንያት የአንደኛው ወገን ጥፋት ከሆነና ፍትሕ የሚጠይቅ ሲሆን ፍርድ ቤቱ ጥፋተኛው ለሌላው ካሣ እንዲከፍል ሊያዝ ይችላል። ወርኃዊ ቀለብ አይደለም፣ ንብረትም አይደለም፤ የጉዳት ካሣ ነው። ስለዚህ ጥፋቱንም፣ ጉዳቱንም፣ በሁለቱ መካከል ያለውን ግንኙነትም ማስረዳት ያስፈልጋል። ድብደባ የደረሰባት ሴት የፖሊስና የሆስፒታል ማስረጃዋን ለወንጀሉ ክስ ብቻ ሳይሆን ለዚህም ልትጠቀምበት ይገባል።

ተስማምቶ መለያየት የሚከፍተው በር

ሕጉ ከፍቺ በኋላ ቀለብ አያስገድድም ማለት ይከለክላል ማለት አይደለም። በስምምነት የሚፋቱ ባልና ሚስት የፍቺውን ውጤት ራሳቸው ጽፈው ለፍርድ ቤት ያቀርባሉ። በዚያ ሰነድ ውስጥ «ባል ለሚስት ለ24 ወራት በየወሩ ይህን ያህል ብር ይከፍላል» ወይም «ቤቱን ከመካፈላችን በፊት ልጆቹ ትምህርት እስኪጨርሱ እሷ ትኑርበት» ብሎ መጻፍ ይቻላል። ፍርድ ቤቱ ካጸደቀው እንደ ፍርድ ይፈጸማል። ስምምነቱ የልጆቹን ደኅንነት የማይጠብቅ ወይም የአንዱን ወገን ጥቅም የሚጎዳ ሆኖ ካገኘው ደግሞ ፍቺውን ብቻ አጽድቆ ጉድለቱን በራሱ ውሳኔ ሊያርም ይችላል።

ሽማግሌዎች ይህን ቢያውቁ እንዴት ጥሩ ነበር። ብዙውን ጊዜ ሽምግልናው «ታረቁ» ላይ ያተኩራል፤ አልሆን ሲል ሁሉም ተነስቶ ይሄዳል። ዕርቅ ያልቻለ ሽማግሌ ግን በሰላም መለያየትን ሊያበጅ ይችላል፤ ሁለቱንም የሚያውቅ ሰው ስለሆነ ለዚህ ከእሱ የተሻለ የለም። አንድ ነገር ብቻ ይጠንቀቁ፦ ባልና ሚስት በትዳር ውስጥ ሳሉ እርስ በርስ የሚዋዋሉት ውል በፍርድ ቤት ካልጸደቀ አይጸናም። በሽማግሌ ፊት የተፈረመ ወረቀት መሳቢያ ውስጥ ከቀረ ወረቀት ብቻ ነው።

ስለ ልጅ ቀለብ አጭር ማስታወሻ ይበቃል። እሱ ከፍቺው ጋር አይቆምም፣ በእናት ጥፋትም አይቀነስም፣ የልጁ እንጂ የእናቲቱ አይደለምና «ይቅርብኝ» ብላ ልትተወው አትችልም። ኑሮ ሲወደድ ወይም የከፋዩ ገቢ ሲለወጥ እንዲሻሻል መጠየቅ ይቻላል።

በሸሪዓ ሥርዓት የተጋቡና ሁለቱም ተስማምተው ጉዳያቸውን ለሸሪዓ ፍርድ ቤት ያቀረቡ ባልና ሚስት የሚዳኙት በእስልምና ሕግ ነው። እዚያ የተፈታች ሚስት በዒዳዋ (ዳግም ሳታገባ በምትቆይበት የመጠበቂያ) ጊዜ ነፈቃ (ቀለብ) አላት፣ ያልተከፈለ መህርም (ጥሎሽ) ካለ ይከፈላታል። ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት አብረው የኖሩ ሰዎችን በተመለከተ ደግሞ የፌዴራሉ ሕግ ግንኙነቱ ቢያንስ 3 ዓመት ከቆየ በዚያ ጊዜ የተፈራውን ሀብት የጋራ ያደርገዋል።

አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ጉዳይ

«ዕድሜ ልኩን ይከፍላል» የሚለው ወሬ አሜሪካም ቢሆን በአብዛኛው ልክ አይደለም። አሊሞኒ በየግዛቱ ሕግ ይለያያል፣ አሁን ያለው አዝማሚያም ጊዜውን መወሰን ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ዋናው አስተሳሰብ ጠያቂው ሠልጥኖ ወይም ሥራ ይዞ ራሱን እስኪችል ድረስ መደገፍ ነው፤ ጊዜ የማይወሰንለት አሊሞኒ የሚሰጠው በዕድሜ፣ በሕመም ወይም በአካል ጉዳት ራሱን መቻል ለማይችል፣ ወይም በሁለቱ ኑሮ መካከል ያለው ልዩነት ኅሊና የማይቀበለው ሲሆን ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ አመንዝራነቱ የተረጋገጠበት ወገን በመርህ ደረጃ ቋሚ ድጎማ ይከለከላል፣ ክልከላው ግልጽ ኢፍትሐዊነት የሚያስከትል ካልሆነ በቀር። የቴክሳስ ሕግ ይበልጥ ጥብቅ ነው፤ ከጥቃት፣ ከአካል ጉዳትና ከመሳሰሉት በስተቀር ትዳሩ ቢያንስ 10 ዓመት የቆየ መሆን አለበት፣ ወርኃዊ ክፍያውም ከ5,000 ዶላር ወይም ከከፋዩ ጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ ከሚያንሰው አይበልጥም። ካሊፎርኒያ ደግሞ ከ10 ዓመት በታች ለሆነ ትዳር ድጎማው እንደ ልማድ የትዳሩን ዕድሜ ግማሽ ያህል ይቆያል። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለች እህት ቴክሳስ፣ ዳላስ ያለ ዘመዷ በነገራት ላይ ተመሥርታ ብትወስን የምትጎዳው ለዚህ ነው። ሁልጊዜ የሚከፍለው ወንድ፣ የሚቀበለውም ሴት ነው ማለትም አይደለም። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1979 (እ.ኤ.አ.) ባል ብቻ እንዲከፍል የሚያስገድደውን የአላባማን ሕግ ሽሮታል፤ ነርስ ሚስት ለታክሲ ሾፌር ባሏ ልትከፍል ትችላለች።

ግብሩም ተለውጧል። ከ2018 (እ.ኤ.አ.) ማብቂያ በኋላ በተደረጉ የፍቺ ስምምነቶች ከፋዩ አሊሞኒውን ከገቢው አይቀንስም፣ ተቀባዩም ግብር አይከፍልበትም። አሥር ዓመት የሞላ ትዳር ሌላም መብት ይሰጣል፦ ሳታገባ 62 ዓመት የሞላት የቀድሞ ሚስት በቀድሞ ባሏ የሶሻል ሴኩሪቲ መዝገብ ጡረታ መጠየቅ ትችላለች፣ ከእሱም ሳንቲም አይቀንስበትም። ዘጠኝ ዓመት ከስምንት ወር ላይ ያለ ሰው የፍቺውን ቀን ከመቁረጡ በፊት ይህን ቢያስብበት ይበጃል።

ከሁሉም ያነሰ የሚታወቀው ግን ከኢሚግሬሽን ጋር የተያያዘው ነው። የትዳር ጓደኛውን ከአገር ቤት በግሪን ካርድ ያስመጣ ሰው አይ 864 በሚባለው ፎርም ላይ ይፈርማል፤ ያስመጣው ሰው ገቢ ከድህነት መለኪያው 125 በመቶ በታች እንዳይወርድ ሊደግፈው ቃል ይገባል። ይህ ቃል በፍቺ አይፈርስም። የሚያበቃው የመጣው ሰው ዜግነት ሲያገኝ፣ 40 ሩብ ዓመት የሥራ ዘመን ሲቆጠርለት፣ አገሩን ለቅቆ በቋሚነት ሲወጣ ወይም ከሁለቱ አንዱ ሲሞት ነው። አሊሞኒ የተከለከለች ሚስት እንኳ በዚህ ፎርም ልትከስ ትችላለች። በዲቪ አብራ የገባች ሚስት ግን ይህ ፎርም አብዛኛውን ጊዜ የላትም።

እኛ ጋ የጎደለው

የአገራችን ሕግ እኩል ክፍፍልን መምረጡ ትክክል ነው። ችግሩ የሚካፈሉት ነገር ሲጠፋ ነው። በኪራይ ቤት የሚኖሩ፣ ከወር እስከ ወር በደመወዝ ብቻ የሚኖሩ ባልና ሚስት የሚካፈሉት አልጋ፣ ቁም ሣጥንና ቴሌቪዥን ነው። ባልየው በማግስቱ ደመወዙን ይዞ ይሄዳል፤ ደመወዙን ያስገኘለት ልምድና ዕድገት ሁለቱም ቤት ሲያቆሙ የተገነባ ቢሆንም በሕጉ ዓይን ንብረት አይደለም። ሚስትየዋ ለዓመታት ከሥራ የራቀችበት ወረቀት ይዛ ሥራ ፍለጋ ትወጣለች። ትዳሩ በእሷ ላይ ያደረሰው ጉዳት በግማሽ አልጋ የሚካካስ አይደለም።

ሜሪላንድ እንደሚያደርገው ዓይነት ጊዜው የተወሰነ፣ ለመሠልጠኛና ለመቋቋሚያ የሚሆን ቀለብ በእኛም ሕግ ቢገባ ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ። ዕድሜ ልክ አይደለም፤ ረዥም ለቆየ ትዳር፣ ልጅ ለማሳደግ ሥራ ለተወ ወገን፣ ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት። ወንዶቻችን ላይ ተጨማሪ ሸክም ነው የሚሉ አሉ። ሸክሙ አሁንም አለ፣ የተሸከሙት ግን ልጆቿን ይዛ የተመለሰች ሴት የገባችባቸው እናትና አባት፣ ወንድምና እህት ናቸው።

ሕጉ እስኪሻሻል ድረስ በእጅ ያለውን መጠቀም የግድ ነው። ለጠበቃ የሚከፍል ገንዘብ የሌለው ሰው ፍርድ ቤቱን በደሃ ደንብ እንዲከስ እንዲፈቅድለት መጠየቅ ይችላል፤ የዳኝነት ክፍያው ይነሳለታል። የሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም ሆነ የዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶች የሚያካሂዷቸው የነጻ ሕግ ድጋፍ ማዕከላት አቤቱታ ይጽፋሉ። ሲሄዱ የጋብቻ ማስረጃ፣ የልጆች የልደት ምስክር ወረቀት፣ የኪራይ ውል ወይም የቤት ካርታ ኮፒ፣ የሊብሬ ኮፒና የባንክ ወይም የሐዋላ ወረቀት ይዘው ቢሄዱ ሥራው በአንድ ቀን ይጀመራል። አቤቱታው ሲጻፍም ፍቺው፣ የመቆያ ቀለቡና እግዱ በአንድ ላይ እንዲጠየቁ ጸሐፊውን ያሳስቡት፤ ቀለቡንና እግዱን «በሚቀጥለው ቀጠሮ እንጠይቃለን» ካለ አይስማሙ።